እሺ አይበቃም

ሃምሳ አለቃ ኪዳነማርያም ጎባ ያለውን ቤቴን ከተከራየ ጀምሮ የተናገረው ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ ባጃጅ አይሞላም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሲገባ ቆቡን አንስቶ "እንዴት ዋሉ፣ እትዬ ወለተሥላሴ?" ይለኛል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ነው።

የሚገርመው፣ እንጀራውን የሚበላው በመናገር ነው። ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለው የጦር አውሮፕላን ማረፊያ የሬዲዮ ሠራተኛ ነው። ጉም ሲወርድ ከአብራሪዎች ጋር የሚነጋገረው እሱ፣ ማረፊያው የት እንዳለ የሚጠቁማቸውን የሬዲዮ ምሰሶ የሚጠግነውም እሱ። ምሰሶው አውሮፕላን ኖረም አልኖረም ቀኑን ሙሉ "እዚህ ነኝ" የሚል ምልክት ይልካል አለኝ። ይህን ያጫወተኝ ቀን ብዙ ያወራበት ቀን ነው።

ሚስቱ ማናልበሽ ነርስ ናት፤ የደሴ ልጅ፣ ጨዋታ አዋቂ። ከሥራ ስትመለስ ታወራዋለች፣ እሱ "እሺ" ይላታል። ዱቄት አልቋል፤ እሺ። እናቴን አሟታል፤ እሺ። የእኔና የእነሱ ግድግዳ ስስ ስለሆነ ልስማ ባልልም እሰማለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ገብቼ ጆሮውን መቆንጠጥ ያማረኝ ቀን ብዙ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት እንዲህ ስትለው ሰማሁ፦

"አንገቱ የምትባለው ሩቅ ከተማ ጤና ጣቢያ ሰው አጥሯቸው ተዛወሪ ብለውኛል። ሐሙስ መልስ ይፈልጋሉ። አንተ ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ።"

"እሺ።"

"እሺ ምን? ሂጂ ነው ቅሪ?"

በሩን ከፍቶ ወደ ግቢ ሲወጣ ሰማሁ።

ሐሙስ ጠዋት የቤቱን ቁልፍ ይዛ ብቅ አለች። "ሮቤ ሄጄ ዝውውሩን ልፈርም ነው፣ እትዬ። ቁልፉን በመንገዴ ለሱ እሰጠዋለሁ፤ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም" አለችኝ። እኔም ሮቤ ገበያ ጉዳይ ነበረኝና በአንድ ሚኒባስ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር። ያቺ ልጅ ከሄደች ግቢዬ ምን ሊመስል ነው?

አብሬያት ወርጄ ማረፊያው በር ላይ ስንደርስ ጥበቃው ጫሊ "አካም ቡልተን፣ አዴ!" ብሎ በኦሮምኛ የጠዋት ሰላምታ ተቀበለን። "ኪዳን አሁን አይወጣም፣ አውሮፕላን እየመጣ ነው። ትንሽ ጠብቁ።" ጫሊ ከብት ማኮብኮቢያው ላይ እንዳይገባ የሚያባርረውም እሱ ነውና አውሮፕላን መምጣቱን የሚሰማባት ትንሽ ሬዲዮ በእጁ ይዟል። ጉሙ ሜዳው ላይ ተኝቷል። ከሬዲዮዋ የኪዳነማርያም ድምፅ ወጣ፤ ጥርት ያለ፣ የማይቸኩል።

"ጉም ወርዷል። ነፋሱ ከምሥራቅ ነው። አሁን አትውረድ፤ ምሰሶው አናት ላይ እየዞርክ ጠብቅ።"

"እሺ" አለ አብራሪው።

"እሺ አይበቃም። የነገርኩህን መልሰህ ንገረኝ።"

"ጉም ወርዷል። አልወርድም። ምሰሶው አናት ላይ እየዞርኩ እጠብቃለሁ።"

"ነፋሱ ቀርቶሃል።"

"ነፋሱ ከምሥራቅ ነው።"

"ትክክል ነው።"

ጫሊ ማንም ሳይጠይቀው "ሁልጊዜ እንዲህ ነው" አለን። "እሺ የሚለው ያልሰማ ሰው ነው ይላል። ቃል በቃል ካልመለሱለት አይለቃቸውም።"

ማናልበሽ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እያለቀሰች መሆኗን አወቅሁ።

ጉሙ ተነስቶ አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ኪዳነማርያም ወደ በሩ መጣ። ቁልፉን በእጇ ሲያይ ቆመ። እኔ ልናገረው አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

"ስማኝ፣ ኪዳን። ዛሬ ልፈርም ነው። ብቻዬን ማውራት ሰልችቶኛል። እንደዚያ ምሰሶህ ቀኑን ሙሉ እዚህ ነኝ እላለሁ፣ የሚመልስልኝ የለም። መሄድ አልፈልግም፣ ግን እሄዳለሁ።"

"እሺ" አለ፤ ከአፉ አመለጠው።

"እሺ አይበቃም። የነገርኩህን መልሰህ ንገረኝ።"

ኪዳነማርያም ወደ ጫሊ ሬዲዮ አየ፤ እንደሰማነው ገባው። ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ።

"ዛሬ ትፈርሚያለሽ" አለ። "ብቻሽን ማውራት ሰልችቶሻል። እዚህ ነኝ ትያለሽ፣ እኔ አልመልስልሽም። ትሄጃለሽ።"

ጫሊ ወደ ከብቶቹ ዞረ።

"አንድ ነገር ቀርቶሃል" አለችው።

ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

"መሄድ አትፈልጊም።" ቀጥሎም፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ማናሌ፣ ቅሪ" አላት።

"ቅሪ አልከኝ" አለች፤ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች። "እቀራለሁ።"

"ትክክል ነው" አለ።