በእኔ ክፍል የተጸለየው የኦቦ ፈይሳ ጸሎት

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ እዚህ አምቦ አንድ አዳራሽ ይዛኝ ሄደች። «አክስቴ፣ አዲስ ዓይነት ጸሎት ነው፤ ትወጂዋለሽ» ብላ። ከፊት ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከመጽሐፍ ጥቂት ቃል ይነበባል፤ ከዚያ አንዲት የመዝሙር መስመር ዝግ ባለ ዜማ ትደጋገምና ሁሉም ጸጥ ይላል። አዲስ? ወይ ጉድ! እኔ ይህን በደርግ ጊዜ ጎጆ ከተማ፣ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ አይቼዋለሁ።

ያኔ ለጋ ጤና ረዳት ነበርኩ። ጎጆ ተመድቤ ከኦቦ ፈይሳ ሳሎን ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራየሁ። ጎጆን ያላየ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል! ኅዳር ላይ ውርጩ ገብሱን ጨው የተነሰነሰበት ያስመስለዋል። ኦቦ ፈይሳና ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ፕሮቴስታንት ነበሩ። ጸሎት ቤታቸው ታሽጓል፤ ተሰብስበው ሲጸልዩ ከተያዙ እስር ነው። ሳሎናቸው መንገድ ዳር ስለሆነ ድምፅ ያወጣል። እናም እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጥቂት ምእመናን ጋር እንዲጸልዩበት ክፍሌን እንዳውሳቸው ለመኑኝ።

ግድግዳዬ ላይ እናቴ የሰጠችኝ የእመቤታችን ሥዕል ነበር። እነሱ በሥዕል ፊት እንደማይጸልዩ ስለማውቅ «ላውርደው እንዴ?» አልኳቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንግዶቹ እኛ ነን። ተይው» አሉኝ ኦቦ ፈይሳ።

እኔ መቼም ካላየሁ አይሆንልኝም፤ ጥግ ይዤ ቁጭ አልኩ። ኦቦ ፈይሳ ከመዝሙረ ዳዊት ጥቂት አነበቡ። ከዚያ «ያ ዋቃዮ፣ ኑ ወጂን ታኢ» ማለት ጀመሩ፤ አምላክ ሆይ፣ ከእኛ ጋር ሁን ማለት ነው። ጎረቤት እንዳይሰማ፣ ያችኑ ብቻ፣ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው በለሆሳስ። ከዚያ ዝም። ከበሮና ጽናጽል ለለመደ ጆሮዬ ዝምታው ጉድ ሆነበት። ምን ይሆን የሚያዳምጡት? እያልኩ ፊታቸውን ተራ በተራ አየሁ። ከዚያ ወዲያ እሑድ እስኪደርስ ይቸኩለኝ ጀመር።

ኅዳር ጽዮን እሑድ ዋለች። በዝምታው መሃል በሩ ተበረገደ፤ በቅርቡ ከአምቦ የመጣ ካድሬ ነው።

«ምን ስብሰባ ነው?»

እኔን አፌ ቀደመኝ፤ «የማርያም ማኅበር ነው! ዛሬ ተረኛዋ እኔ ነኝ።»

ሥዕሉን አየ። ሰዎቹን አየ። መሃል የቀረበውን ቅቅል ድንች አየ። «ማኅበር በድንች? ጠላውስ?»

«የጤና ረዳት ደመወዝ ጠላ ያስጠምቃል እንዴ ጌታዬ?»

ሳቀ፤ አንድ ድንች አንስቶ እየላጠ ወጣ።

እኔማ ኮራሁ! አዴ ጫልቱ እያለቀሱ ሳሙኝ። ኦቦ ፈይሳ ግን በማግስቱ ኮታቸውን ለብሰው ቀበሌ ሄዱና «የትናንቱ ጸሎት የእኔ ነው፤ ልጅቱ ለእኛ አዝና ነው» ብለው ተናገሩ። እኔን ካድሬው ዘልፎ ተወኝ፤ እሳቸውን አሰሯቸው። ገብሳቸው ገና አልታጨደም። ንድድ አልኩ፤ እንዲህ ያለ ግትር ሰው ይኖራል?

ስንቅ ሳደርስላቸው አላስቻለኝም። «ምነው ኦቦ ፈይሳ? አድኜዎት ነበር እኮ!»

«አድነሽን ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «ግን ኢንተላ ኮ፣ ያ ሥዕል አንቺ የምትጸልዪበት ነው። እኔ አልጸልይበትም። የማልጸልይበትን ደግሞ መደበቂያ ላደርገው አልችልም።»

ሳህኑን ይዤ እያለቀስኩ ተመለስኩ። ለፋሲካ ፈቷቸው። በተፈቱ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ መጽሐፋቸውን ይዘው በሬን አንኳኩ።

በዝምታው ውስጥ ምን ይሰሙ እንደነበር ዛሬም አላወቅሁም። እኔ የያዝኩት ሌላ ነገር ነው። ሥዕሉ ፊት ስቆም አስቀድሜ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ልጸልይ ነው የመጣሁት ወይስ ልደበቅ? አንዳንድ ቀን መልሱ ያሳፍረኛል። ያን ቀን ረዘም አድርጌ እቆማለሁ።