ለአባቴ ጆሮ የተቆረጠው ቦርድ

ያን ክረምት አባቴን ከትክል ድንጋይ ከተማ አምጥተን ማራኪ ሰፈር በተከራየናት ቤት አስተኛነው። ልቡን ያመው ነበር፤ ጆሮው ደግሞ ከደከመ ቆይቷል። ባለቤቴ የሆስፒታል መሣሪያ ጠጋኝ ስለነበር፣ "ድምፅ የሚያጎላ ነገር እሠራላቸዋለሁ" አለኝ።

ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ፊቱ መዳብ የተለበጠ ቦርድ ነበር፤ የሬዲዮ ዕቃ የሚበየድበት ዓይነት። ያገኘው ቁራጭ ከመዳፍ ጥቂት ቢበልጥ ነው። በኪስ የሚያዝ ሳጥን ውስጥ እንዲገባ መቆረጥ ነበረበት፤ ቢበላሽ ምትክ የለውም። መጀመሪያ ከጎረቤት የቆርቆሮ መቀስ ተዋሰ። ጫፉን ሲሞክረው ቦርዱ ተሰነጠቀ፣ መዳቡም ተላጠ። የአናጢ መጋዝ ሞከረ፤ ጥርሱ ሻካራ ስለሆነ ጠርዙን ቦጫጨቀው። "እንዲህ ከቀጠልሁ አንድም አይተርፈኝም" ብሎ ሁለቱንም መለሰ። በመጨረሻ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ የብረት መጋዝ ይዞ መጣ። ብናኙ ስለሚያሳክክ በረንዳ ላይ ወጥቶ አፍንጫውን በሻሽ ሸፈነ፤ ቦርዱን በሁለት ጣውላ መሃል አጣብቆ፣ እኔ ውሃ ጠብ እያደረግሁለት፣ ቀስ እያለ ቆረጠው። ጠርዙን በሞረድ ሲያለሰልስ አባቴ በመስኮት እያየን ይስቅ ነበር።

በዚያው ሰሞን፣ ለብሔራዊ ውትድርና የሄደው ታናሽ ወንድሜ መሞቱን ሰማን። ሐኪሙ "አባትሽ አሁን ድንጋጤ አይችሉም" ስላለኝ፣ እስኪበረታ መርዶውን አቆየነው። መደበቁ አላስቸገረንም። ጠያቂ ሁሉ አጠገቡ ተቀምጦ የወንድሜን ነገር ያወራል፤ እሱ ፈገግ ብሎ ያያቸዋል። እኔ ዓይኔ ሲቀላ ጉንፋን ነው ብዬ በምልክት አስረዳዋለሁ። መሣሪያው ሲያልቅ ይህ ሁሉ እንደሚሰማ አንዳችንም አላሰብነውም። ሐዘኑ ይሁን የሥራው ጉጉት የጋረደን አላውቅም።

መሣሪያው አልቆ ባለቤቴ በሽቦ የተያያዘውን ማዳመጫ አባቴ ጆሮ ውስጥ ሲያስገባለት ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርድ ነበር።

"ይሄ ሁሉ ጩኸት ነበር እንዴ?" አለ አባቴ፣ እየሳቀ። "ሸጋ ነው። እጅህን ይባርከው።"

ከሰዓት በኋላ አንዲት ጎረቤታችን ልትጠይቀው ገባች። እሱን አየችና እንደ ወትሮዋ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ "ምስኪን፣ ልጃቸው አፈር መግባቱን ሳያውቁ ይስቃሉ" አለች።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

"የትኛው ልጄ?" አለኝ።

በወጉ ቢሆን ሽማግሌዎች ማለዳ መጥተው፣ ወገን ከቦት፣ ግራ ቀኙን ደግፈውት ይረዳ ነበር። እሱ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሰማው። ሴትዮዋ ደንግጣ ወጣች። እኔ የወንድሜን ስም ስጠራለት ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የፈራነው አልደረሰም፤ ልቡ ቻለ። ማንንም አልወቀሰም። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ግን አጠገቡ አስቀመጠኝና፣ "መርዶውን ሳልሰማ፣ እነዚያ ሁሉ ሰዎች ሊያለቅሱልኝ ሲመጡ እኔ እየሳቅሁ ስቀበላቸው፣ ምን ይሉኝ ነበር?" አለኝ።

"ያዝኑልህ ነበር" አልሁት።

ራሱን ነቀነቀና ወደ ደጅ ማየት ጀመረ።