ለሙከራ የተጻፈ ገጽ

ያን ቀን ዝናቡ ልዝነብ አልዝነብ እያለ ሲያመነታ ዋለ። ሰማዩ ያረገዘ ይመስላል፤ ጠብ የሚል ነገር ግን የለም። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ መስኮቱን ስትከፍት ስትዘጋ ቆየች። ቢከፈት ብርድ፣ ቢዘጋ የአሮጌ ወረቀት ሽታ። በመጨረሻ ሽታውን መርጣ ተቀመጠች።

ተማሪዎቹ «እትዬ ማህተም» ይሏታል። የትምህርት ቤቱ ማህተም የሚቀመጠው በእሷ መሳቢያ ስለሆነ፣ ያለ እሷ እጅ አንዲት ወረቀት ከግቢው አትወጣም። ስሙ መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ኋላ መምህራኑም ለመዱት፤ ኧረ እሷም ለመደችው። ትምህርቷን ያቆመችው ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው። መተየብ የተማረችውም ሰው ቢሮ ስታጸዳ፣ ባለቤቶቹ ወጣ ሲሉ ማሽኑን እየነካካች ነው። ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ የሰጧትን ሥራ «እሺ» ብሎ መቀበል ሆነ። እንዴት እንደሚሠራ የምትጠይቀው ከተቀበለች በኋላ ነው።

ያን ሳምንት የተቀበለችው ግን ከሌላው ሁሉ የባሰ ነበር። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች በኮምፒውተር የሚማሩበት ድረ ገጽ አለው። ያስቸገረው የቡድን ሥራ ነው። አንዱ ጽፎ ይልካል፤ ሌላው በላዩ ጨምሮ ይልካል፤ ሦስተኛው የድሮውን አርሞ ይልካል። መምህሩ ዘንድ ሲደርስ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው መጨረሻ»፣ «እውነተኛው ይሄ ነው» የሚሉ ሰነዶች ተኮልኩለው ይጠብቁታል።

«ከእንግዲህ አንድ ሰነድ ነው የሚሆነው» አሏት ርዕሰ መምህሩ። «ሁሉም እዚያው ላይ፣ በአንድ ጊዜ ይጽፋል። አንዱ የጻፈውን ሌላው ወዲያው ያየዋል። ባለሙያው በስልክ ይመራሻል፤ አንቺ ታዘጋጂዋለሽ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ባለሙያው ጎረምሳ ነው፤ ሲናገር የሚያባርሩት ይመስላል። ይህን ይጫኑ፣ ያንን ይምረጡ፣ እዚህ ላይ ፓስወርዱን ያስገቡ እያለ ግማሽ ቀን አደከማት።

«አሁን እንሞክረው፣ እትዬ። ገጹን ሁለት ቦታ ይክፈቱት። በአንዱ እንደ መምህር ይግቡ፣ በሌላው እንደ ተማሪ። ከዚያ ይጻፉ። እዚህ የጻፉት እዚያ ከታየ ተሳክቷል ማለት ነው። የሚጽፈው ሰው ስምም ከጎኑ ይወጣል፤ ማን ምን እንደሠራ አይጠፋም።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«የፈለጉትን። እኔ መልሼ እደውላለሁ።»

ብቻዋን ቀረች። በመምህሩ በኩል «ስምሽ ማን ነው?» ብላ ጻፈች። ጥያቄው በተማሪዋ ገጽ ላይ አንድ አንድ ፊደል እያለ ብቅ አለ፤ የማይታይ ሰው የጠየቃት መሰላት። ለብቻዋ ሳቀች። ወደ ተማሪዋ ገጽ ዞራ «ማህተም ይሉኛል» ስትል መለሰች። መምህሩ «ትምህርትሽን ለምን ተውሽ?» አለ። ተማሪዋ «እናቴ ታመመች፤ ታናናሾቼን የሚይዝ ጠፋ» አለች። ይህን እስከ ዛሬ የጠየቃት መምህር አልነበረም። ስለዚህ እጇን ማቆም አቃታት።

«ልጅ አለሽ?»

«አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። እዚሁ ዘጠነኛ “ለ” ናት። አብረን ላዩን ሁለት ጓደኞቿ አክስቴ ናት ብላቸዋለች። አልፈርድባትም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እንደኔ ያለችዋን እናቴ ናት አልልም።»

የጻፈችው እውነት ነው። ጧት ጧት ማስታወቂያ በድምፅ ማጉያ የምታነበው እሷ ናት፤ ረዘም ያለ ቃል ሲያጋጥማት ትሰባብረዋለች። «እትዬ ማህተም አንብባ እስክትጨርስ ምሳ ይደርሳል» ይላሉ ልጆቹ፤ አነባበቧን እያስመሰሉም ይስቃሉ። ልጇ እዚህ ትምህርት ቤት በገባች ሰሞን ይህን ሰማች። ከዚያ ጧት እናት ቀድማ መውጣት፣ ልጅ ዘግይታ መከተል ሆነ። ኮሪደር ላይ ሲገናኙ ልጅቷ እንደማንም ተማሪ «ደህና አደሩ፣ እትዬ» ትላለች። እናት «ደህና» ብላ ታልፋለች። ተነጋግረው የተስማሙት ነገር አይደለም። እናት ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ኖራለች።

ስልኩ ጮኸ።

«ሠራ፣ እትዬ?»

«ሠርቷል፣ ልጄ።»

«ጎበዝ። እንግዲህ “ለሁሉም ክፍል” የሚለውን ይጫኑት። ቶሎ ይበሉ፣ ልወጣ ነው።»

ስልኩን በትከሻዋ እንደያዘች ተጫነችው። ባለሙያው ሲዘጋ የጻፈችው ትዝ አላትና ደነገጠች። ከላይ እስከ ታች አጠፋችው። በወዲያኛውም ገጽ ጠፋ። ደረቷ ቀለል አላት። አንድ ሰነድ ነው ብለዋታል፤ ከአንድ ቦታ የጠፋ ከሁሉም ቦታ ይጠፋል። ስትጫነው ለየክፍሉ አንድ አንድ ቅጂ፣ ከነጽሑፏ መሄዱን የነገራት የለም።

በማግስቱ የታሪክ መምህሩ በቢሮዋ በር አንገቱን አስገባ። «እትዬ፣ እስቲ አንዴ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ብቅ በይ።» ፊቱን አይታ ነገር እንዳለ አወቀች።

ተቀምጠው የጠበቋት ዘጠነኛ «ለ» ናቸው። ግድግዳው ላይ ገጹ ጎልቶ በርቷል፤ የእሷው ቃል፣ አንድም ሳይቀር።

«ተማሪ ማህተም፣ ተነሺና መልሺ» አለ አንዱ ከኋላ፣ የመምህር ድምፅ አስመስሎ። ክፍሉ ሳቀ።

«ቆይ፣ ልጇ እኛ ክፍል ናት እኮ የሚለው» አለች አንዲት ልጅ። «ማናት?»

ጸሐፊዋ የልጇን ስም አልጻፈችም። ያ ብቻ ተስፋዋ ነበር። ይህን ስታስብ ግን ግድግዳው ላይ «አክስቴ ናት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከመጨረሻው ጀምሮ ፊደል በፊደል መጥፋት ጀመረ። ከሚጠፋው ቦታ አጠገብ ትንሽ አረንጓዴ ምልክት አለች፤ ምልክቷ ላይ የልጇ ስም ተጽፏል። አንዱ ተማሪ የጠፋውን መለሰው። አረንጓዴዋ እንደገና አጠፋች። እንደገና መለሱት። ልጆቹ አንድ በአንድ ከግድግዳው ወደ መካከለኛው መደዳ ዞሩ። ልጅቷ ቀና አላለችም፤ ጣቷ ብቻ ይሠራል።

«እትዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አለ መምህሩ። እሱም አፍሯል።

እናትየዋ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የሆነ ነገር ማለት ነበረባት። ልጄን ላድን ብላ አፏን ከፈተች።

«ለሙከራ የጻፍኩት ነው» አለች። «ፈጠራ ነው። እኔ ልጅ የለኝም።»

አረንጓዴዋ ምልክት ቆመች። ግማሹ የጠፋው ዓረፍተ ነገር እንደተንጠለጠለ ቀረ። ያኔ የሳቀ አልነበረም፤ ቢስቁ ይሻላት ነበር።

ማታ ልጅቷ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ሙከራ ከሆነ ሀ ሁ ብለሽ አትሞክሪም?»

«አጥፍቼው ነበር።»

«ያጠፋሽው ካንቺ ላይ ነዋ።»

«አንድ ነው ሲሉኝ…»

«እሱን ተይው። ስለ ጽሑፉ አይደለም።» ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጅ የለኝም አልሽ።»

«ላንቺ ብዬ ነው እኮ፣ የኔ ልጅ። እንዳይስቁብሽ።»

«ስሜን አይተው አውቀው ነበር እኮ፤ ሁሉም አውቀው ነበር። እኔ አክስቴ ናት ያልኩት ስለፈራሁ ነው፤ ጥፋቴ ነው። ግን ቢያንስ ዘመድ አድርጌሽ ነበር። አንቺ ጭራሽ የለችም አልሽ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እስከዚያች ቀን በሁለቱ መካከል ጥፋተኛዋ ልጅቷ ነበረች፤ እናት ደግሞ የቻለችው ናት። ሳታስበው በዚያ መቻሏ ትኮራ እንደነበር ያወቀችው ያን ማታ ነው። አሁን የሚያኮራ ነገር አልቀራትም። የያዘችውን ሳህን ደጋግማ አጠበችው። ልጅቷ ጥቂት ጠብቃ ወደ ክፍሏ ገባች።

እናት ይቅርታ የጠየቀቻት ከሰነባበተ በኋላ ነው። ልጅቷም «እሺ» አለች። እናት ያችን «እሺ» ታውቃታለች፤ እሷ ራሷ ዕድሜ ልኳን ለሰው ስትላት የኖረችው ናት። በዓመቱ ማብቂያ ልጅቷ ሌላ ትምህርት ቤት ልግባ አለች። መሸኛ ወረቀቷን የጻፈችውም፣ ማህተሙን የመታችበትም እናቷ ናት።

ሴትየዋ ዛሬም እዚያው ቢሮ ትሠራለች። የተማሪዎቹን ገጾች የምታዘጋጀው እሷ ናት፤ አሁን ሥራውን በደንብ ታውቀዋለች። ልጇ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች፤ የሚኖሩት አብረው ነው። የወላጆች ስብሰባ ሲኖር ልጅቷ መጥሪያውን ጠረጴዛ ላይ ትታላት ትሄዳለች፤ እናት ሄዳ ከኋላ ትቀመጣለች። መምህሩ የማን እናት እንደሆነች ሲጠይቃት የልጇን ስም ትናገራለች። እዚያው ከተማሪዎቹ ጋር የተቀመጠችው ልጅቷም አትክድም፤ ቀናም አትልም።