ኑ ኑ ሶም ማኪዬ

ባለቤቴ ፈረንሳይኛ ታስተምራለች፤ እኔ እንግሊዝኛ። እኔ የመቐለ ልጅ ነኝ፤ እሷ ከመሃል አገር ለሥራ መጥታ እዚሁ ቀረች። ቤታችን የምንግባባው በአማርኛ ነው፤ የምንጣላውም እንዲሁ። ፈረንሳይኛ ልታስተምረኝ የዘየደችው ዘዴ አንድ ደብተር ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ከነምሳሌ ዓረፍተ ነገሩ ወደ ፈረንሳይኛ መልሼ የምግብ ጠረጴዛው ላይ እተዋለሁ፤ በቀይ እስክሪብቶ አርማ ትመልስልኛለች። ቃል ለቃል መተርጎም ክልክል ነው። «ቃሉን ተወው፤ ዓረፍተ ነገሩ ምን እያለ ነው?» ትለኛለች። በሕይወቴ ይህን ያህል ጊዜ የሰማሁት ነገር የለም፤ ስሜንም ጭምር።

አምና እኛው ሰፈር፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ጎረቤት ቤት ክርስትና ተጠርተን ምላሴ ጉድ ሠራኝ። «የባለቤቴ ማንኮራፋት ውቅሮ ድረስ ይሰማል፤ ሹፌሮች ሞተር የተበላሸባቸው መስሏቸው ወርደው ኮፈን ይከፍታሉ» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። እሷ ብቻ አልሳቀችም። በማግስቱ ሥራ ስትገባ፣ ክርስትናው ላይ የነበረ አንድ መምህር የሞተር ድምፅ እያሰማ ተቀበላት።

ሐቁን ልናገር፤ የማንኮራፋው እኔ ነኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘጋችኝ። ደብተሩን ማረም ግን አላቆመችም። ሌላ ሰው ቢሆን ለከሰል ማቀጣጠያ ያደርገው ነበር።

እኔም ለመታረቂያ የሚሆን ግስ መረጥኩ፤ «ሜክ አፕ»። እንግሊዞች ይህቺን «አፕ» የሚሏትን ለጥፈው አንዱን ግስ ወሬ ያስፈጥሩታል፣ ያስታርቁታል፣ ያኳኩሉታል። መጀመሪያ «ባልየው ወሬውን ፈጠረ» የሚለውን ጻፍኩ፤ ፈረንሳይኛው «ኤንቫንቴ» ነው። ትክክል ነበር። የትክክል ምልክቷ ግን ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው።

ሁለተኛው «ተጣላን፤ ከዚያ ታረቅን» ነበር። ሓወልቲ ሰፈር አንድ ካፌ ተቀምጬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተለማመድኩት፤ «ኑ ኑ ሶም ማኪዬ! ኑ ኑ ሶም ማኪዬ!» ሁለት አስተናጋጆች እየሮጡ መጡ።

«ምነው?» አልኩ።

«ኑ ኑ ብለው ጠሩን እኮ፣ ኣቦይ። ማኪያቶ ስንት ይሁን?»

ማኪያቶው አልከበደኝም፤ እንደ ሽማግሌ ኣቦይ መባሉ ነው የከበደኝ። ሁለት ጠጥቼ፣ ዓረፍተ ነገሩን ደብተሩ ላይ በኩራት አሰፈርኩት።

በማግስቱ በቀይ እንዲህ የሚል አገኘሁ፤ «ይህ ተኳኳልን ማለት ነው። አንተን ኩል አያድንህም። መታረቅ ሬኮንሲሊዬ ነው።» በስድስት ቀን ውስጥ ያገኘሁት ረጅሙ ንግግር ስለነበር ቆሜ አነበብኩት።

ወዲያው አስተካክዬ ጻፍኩ፤ «ኑ ኑ ሶም ሬኮንሲሊዬ»፣ ታርቀናል። መልሷ፤ «ቃሉ ትክክል፣ ጊዜው ስሕተት። ኃላፊ አይደለም፤ ገና ትንቢት ነው። የፈጠርከውን ወሬ ሰው ፊት አፍርስ።»

በስምንተኛው ቀን እዚያው ጎረቤት ቤት ማኅበር ነበረ። ያ መምህርም አለ። ተነሥቼ «የማንኮራፋው እኔ ነኝ፤ እሷ ትንፋሿ እንኳ አይሰማም» አልኩ። ከባለፈው የባሰ ሳቁ።

«ኣንታ፣ ደግሞ አዲስ አመጣህ!» አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

«በማርያም!» ብዬ ማልኩ። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ዕድሜዬን ሙሉ ዝንብን ዝሆን ሳደርግ ኖሬ፣ እውነት በተናገርኩባት ቀን የሚያምነኝ ጠፋ። አንገቴን ደፋሁ፤ የሷ ትንቢት ትንቢት ሆኖ ሊቀር ነው አልኩ።

ይሄኔ ባለቤቴ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች። «እውነቱን ነው። ከተጋባን ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ከትቼ ነው የምተኛው።»

መምህሩ ጠላውን ቁልቁል ያይ ጀመር። ጥጡን እኔም ገና መስማቴ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ለሰው አልተናገረችብኝም፤ አሁንም የተናገረችው እኔን ለማዳን ነው። እስከ ዛሬ እንዴት እንደማመሰግናት አላውቅም፤ በሦስቱም ቋንቋ ሞክሬ አልሞላልኝም።

በማግስቱ ጠዋት ደብተሩን ስከፍት፣ «ጊዜው ስሕተት» የሚለው ተሰርዞ ከጎኑ የትክክል ምልክት ተደርጎበታል። ደጋግሜ ሳየው ከማድ ቤት ድምፅ መጣ፤

«ና፣ ቁርስህ ቀዘቀዘ።»

በነጠላ ቁጥር፣ አንዲት «ና» ብቻ። በረርኩ፤ ወንበር ገልብጬ።