የተራ አስከባሪው መስፈርት

ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ፣ ከአንድ የስልክ ጥገና ሱቅ በላይ፣ እኔና የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ጠባብ ቢሮ ተከራይተን ሶፍትዌር እንሠራ ነበር። የመጀመሪያው ቁም ነገር ያለው ሥራችን የመጣው ወደ ፎንቆ ከሚጭኑ ሚኒባሶች ማኅበር ነው። ሾፌሮቹ «እኔ ቀድሜ ገብቻለሁ»፣ «የለም፣ ከኋላዬ ነበርክ» እየተባባሉ በየቀኑ ይጨቃጨቃሉ። ተራው የሚጻፍበት ደብተር አለ፤ ግን ከተራ አስከባሪው በቀር ጽሑፉን የሚያነበው ሰው የለም። ማኅበሩ የፈለገው ተራ የሚይዝ የስልክ አፕ ነበር።

ሰነዱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። «የጥራት መስፈርቶች» ከሚለው ርዕስ ሥር፣ «ሲስተሙ ፈጣን፣ ለአጠቃቀም ቀላልና አስተማማኝ መሆን አለበት» ብዬ ጻፍኩ። ተማሪ እያለሁ እንዲህ ብዬ ጽፌ ጥሩ ማርክ አግኝቼበታለሁ። የማኅበሩ ሰዎችም ሳያቅማሙ ፈረሙ። ማን ፈጣን አልፈልግም ይላል?

ጓደኛዬ ኮዱን ጻፈ፣ እኔ መልኩን አሳመርኩ። ሲያልቅ ስልኩን ይዤ ወደ ተራ አስከባሪው ወረድኩ። የአዲሎ ሰው ናቸው፤ ሃምሳን ተሻግረዋል። እቤታቸው ከምባትኛ፣ ከሾፌሮቹ ጋር ሀዲይኛ፣ ከእኔ ጋር አማርኛ ያወራሉ። የሚቆጡት ግን በሦስቱም ነው።

«ጋሼ፣ ይኸው አመጣሁልዎት» ብዬ ስልኩን ሰጠኋቸው።

ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ስልኩን አስጠጉት፣ አራቁት፣ በመዳፋቸው ጋረዱት።

«የታለ?»

«እሱ ነው ጋሼ፣ ስክሪኑ ላይ።»

«እኔ የሚታየኝ ጢሜ ነው።»

በጣም የወደድኩት ጥቁር ሰማያዊ መደብ ቀትር ላይ መስታወት ሆኗል። ጥላ ሥር ገባንና ፓስወርዱን ፊደል በፊደል መጻፍ ጀመሩ። ሲጨርሱ ሁለት ሚኒባስ ገብቷል። የመጀመሪያውን ታርጋ አስገቡ። ኔትወርኩ ደከመ፤ ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ ነገር ትሽከረከር ጀመር። ሦስተኛው መኪና ገባ። ሾፌሮቹ ጭቅጭቃቸውን ሊጀምሩ ሲሉ ስልኩን መለሱልኝና ደብተራቸውን ከብብታቸው አውጥተው ሦስቱንም ታርጋ ጫር ጫር አደረጉ።

«ልጄ፣ ይሄን ነው ፈጣን ብለሽ የጻፍሽው?»

«አዎ...»

«ፈጣን ስንት ነው?»

«ማለት... ቶሎ የሚሠራ።»

«ቶሎስ ስንት ነው?»

ቢሮ ስመለስ ተናድጄ ነበር። «ጥፋቱ የኔትወርኩ ነው» አልኩት ጓደኛዬን።

«ኔትወርኩማ ድሮም እንዲህ ነው» አለኝ። «ልክ እንደማያውቅ ሰው የሠራነው እኛ ነን።»

በማግስቱ ላፕቶፔን ትቼ ተራ አስከባሪው አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሦስት ቀን ዋልኩ። አንድ እጃቸው ሁልጊዜ ፊሽካ ይዟል፤ ስለዚህ ለእኛ አፕ የሚተርፈው አንድ እጅ ብቻ ነው። መነጽራቸው ቤት ነው፤ ለቁርዓን ካልሆነ አያወጡትም። የገበያ ቀን ደግሞ መኪናው ተከታትሎ ይገባል።

«ጋሼ፣ አንዱን መኪና ለመመዝገብ ምን ያህል ጊዜ አለዎት?»

«አንድ ፊሽካ እስክነፋ።»

እንዲነፉልኝ ለመንኳቸው። ነፉ፤ በሰዓት ያዝኩት። ሦስት ሰከንድ። ጓደኛዬ ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ ግን አሮጌውን ዓረፍተ ነገር ሰርዤ እንዲህ ጻፍኩ፦ አንድ ታርጋ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ይመዘገባል፣ ኔትወርክ ባይኖርም። በቀትር ፀሐይ ያለ መነጽር ይነበባል። በአንድ እጅ ይሠራል። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ተራው እንደነበረ ይገኛል። እያንዳንዱን እዚያው መናኸሪያው ውስጥ ሞክረን ሆነ ወይም አልሆነም ማለት እንችል ነበር።

ያጣላን ፓስወርዱ ነው። ጓደኛዬ «ካልተቆለፈ ማንም ራሱን ከፊት ያስገባል» ይላል። ተራ አስከባሪው «እኔ ቁልፍ ስነካካ እነሱ ይደባደባሉ» ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ፓስወርዱ ጠዋት አንዴ ብቻ እንዲጠየቅ፣ የተመዘገበ ተራ ሲቀየር ግን አጭር ቁጥር እንዲጠይቅና ማን እንደቀየረው እንዲያሳይ ተስማማን።

ከዚያ ሾፌሮቹ መጡ። አንዱ የመኪናው ፎቶ እንዲወጣ ፈለገ፤ ሌላው ስሙን በድምፅ እንዲጠራለት። ፎቶውን ጨምረን ሞከርነው። ምዝገባው ስድስት ሰከንድ ፈጀ። «አውጡት» አሉ ተራ አስከባሪው፤ አወጣነው። ባለ ፎቶው ሾፌር ለሁለት ሳምንት ሰላምታ ነሳኝ።

አዲሱ አፕ በገበያ ቀን ሥራ ጀመረ። ረፋዱ ላይ ኔትወርክ ጠፋ፣ ምዝገባው ግን ቀጠለ። ሁለት ሾፌሮች ሲከራከሩ ተራ አስከባሪው ስልኩን ወደ እነሱ አዞሩት፤ አንዱ በሀዲይኛ አጉረምርሞ ወደ መኪናው ተመለሰ። በደስታ ልዘል ደርሼ ነበር። ከሰዓት ዝናብ ጣለ፤ ስክሪኑ ላይ ያረፈው ጠብታ ሁሉ እንደ ጣት ሆኖ አፓችን የሌለ መኪና ይመዘግብ ጀመር። ስለ ዝናብ አንዲት ቃል አልጻፍንም ነበር። በዚህ አገር!

ያን ሳምንት ለስልኩ የፕላስቲክ መያዣ ፈለግን፣ ቁልፎቹን አተለቅን፣ አንድ መስፈርት ጨመርን። በባልዲ ውኃ እያፈሰስን ስንሞክረው ከታች ያለው ስልክ ጠጋኝ «ከእናንተ እንጀራ ላገኝ ነው» እያለ ይስቅብን ነበር።

የታረመውን ሰነድ ማኅበሩ ዘንድ ከመውሰዴ በፊት ለተራ አስከባሪው ሰጠኋቸውና እንዲፈርሙልኝ ጠየቅኳቸው።

«እኔ?» አሉ ተገርመው። መነጽራቸውን ከቤት አስመጥተው እያንዳንዱን መስመር አነበቡ።

«ተጠቃሚ፣ ተጠቃሚ ይላል። ማነው እሱ?»

«እርስዎ ነዎት ጋሼ።»

«ታዲያ ተራ አስከባሪ በይዋ።»

ቢሮ ወጥቼ አሥራ አንድ ቦታ ላይ ቀየርኩትና እንደገና አትሜ አመጣሁላቸው። ሙሉ ስማቸውን እስከ አያት ጽፈው ፈረሙ።