ያልታሸ ዓይን

ዘንድሮ መስቀልን ደባርቅ ወንድሜ ቤት ዋልኩ። በዋዜማው አመሻሽ ላይ የወንድሜ ልጅ ሶስና አጥሩ ሥር ተክላ የለኮሰችው ርችት ትንሽ ጢስ አወጣና ዝም አለ። ልታየው ጎንበስ ስትል፣ «ተይው፣ እንዳትጠጊው!» ብዬ ጮህኩባት። ድምፄን ከፍ ሳደርግ ሰምታኝ ስለማታውቅ ደነገጠች፤ ከዚያም አኮረፈች። ርችቱ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሁበትና እሷን አጠገቤ አስቀምጬ ይህን አጫወትኳት።

ያኔ የምንኖረው ዳባት ነው። እኔ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው እየጠጠረ፣ አደይ አበባው መንገድ ዳሩን ሞልቶት፣ የባቄላ እሸት እየፈለፈልን ደጅ ተቀምጠናል። የአክስቴ ልጅ ከጎንደር ርችት ይዞ መጥቷል፤ መቼም ከተማ ከርሞ የመጣ ሰው እኛን ሳያስደምም አይመለስም። አንዱን አሸዋ የሞላ ጣሳ ላይ ተክሎ ለኮሰው። ፉጨት ቢጤ አሰማና ጠፋ። «ከሸፈ» ብለው ሁሉም ፊታቸውን መለሱ። እኔ ደግሞ ካላየሁ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነበርኩና ሄጄ ላዩ ላይ አጎነበስኩ።

ከዚያ የማስታውሰው አንድ ነጭ ብርሃን ነው። ቀኝ ዓይኔ በርበሬ የተነሰነሰበት ያህል ነደደ።

እናቴ እየሮጠች ወጣች። የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ፣ አፏ ላይ አድርጋ በትንፋሿ አሞቀችው። ዓይን ሲታመም የአገራችን እናት መድኃኒት ይኸው ነው፤ አሙቆ መጫን። ልትጭንብኝ ስትል ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ እጇን አፈፍ አደረጉት። እትዬ ዘነቡ አንድ ዓይና ናቸው። በልጅነታቸው ገብስ ሲወቃ ገለባ ገብቶባቸው ነው ሲባል እሰማ ነበር።

«አትንኪያት» አሉ።

«እትዬ፣ ልጄ እኮ ናት። ዓይኗ ሊጠፋ ነው።»

«የኔን ዓይን ያጠፋው ገለባው መሰለሽ? እናቴ ናት፣ ነፍሷን ይማርና። እንዳንቺው አንጀቷ ስፍስፍ ብሎ፣ በነጠላዋ ስታሽልኝ ስታሽልኝ ጠፋ።»

እናቴ ነጠላዋን ሰበሰበች። እትዬ ዘነቡ ሲኒ አስመጥተው በአፉ ደፉትና፣ ጠርዙን በዓይኔ ዙሪያ አጥንቱ ላይ አሳርፈው፣ ዓይኔን ሳይነካ በሻሽ አሰሩት። ውሃም ቅቤም አላስነኩኝም።

በልመና በተገኘ ሚኒባስ ወደ ጎንደር ወረድን። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው፤ በየጉድጓዱ እንነጥራለን፤ እጄም ሳላውቀው ወደ ዓይኔ ይሄዳል። እናቴ ሁለቱን እጆቼን በሁለት እጆቿ ጨብጣ ይዛለች። እያለቀሰች «እስኪ አንዴ ልየው» ትልና መልሳ እጆቼን ታጠብቃለች። የምትይዘው የኔን ይሁን የራሷን እጆች አልገባኝም ነበር።

ሐኪሙ ሲኒውን አንስቶ አየና የዓይኔ ኳስ መሰንጠቁን ነገረን። «ብትጫኑት ኖሮ ውስጡ ይወጣ ነበር» አለ። ሰፉልኝ። ብዙ ጊዜ ወሰደ እንጂ ብርሃኑ ተመለሰ። ዛሬም ጭጋግ ቢጤ አለው፤ ሰው ግን ከሩቅ ለይቼ ሰላም እላለሁ።

ሶስና ኩርፊያዋን ረስታ ስታዳምጥ ቆየች። «ታዲያ አያቴ ምን አደረገችልሽ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

እውነቴን ነው። ልጅ እያለቀሰ እጅን መሰብሰብ ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት ራሴ ከወለድኩ በኋላ ነው። እናቴ አዝላኛለች፣ አጥብታኛለች፣ ስታመም አስታማኛለች። ያን ቀን ግን፣ እስከ ጎንደር ድረስ፣ አንጀቷ እያረረ ዓይኔን ሳትነካው ቀረች። ይኸው አያለሁ።