አፉ መሣሪያው የነበረ ፖሊስ

አስር አለቃ ቢተው ጠመንጃ ነበረው፤ መካነ ሰላም ውስጥ ሲተኩስ ያየው ግን አልነበረም። መሣሪያው አፉ ነበር። ገበያ መሃል ሌባ ሲሮጥ አያባርርም። ባለበት ቆሞ «በሕግ አምላክ!» ይላል፤ ሌባውም ተገትሮ ይቀራል። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባል የለ? ባልደረቦቹ «አንተን መንግሥት የቀጠረህ ለጉሮሮህ ነው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም ቀልዱን አይጠላውም። ትንሽ ኩራት ነበረበት፤ ለምን ይዋሻል።

አንድ ጊዜ ለሥራ ወደ ገጠር ወርዶ ሁለት ወንድማማቾች በእርሻ ድንበር ሲደባደቡ ደረሰ። ታላቅየው ጀብሪል መጥረቢያውን በታናሹ አናት ላይ ሊያሳርፍ አንስቷል። ቢተው ከወንዝ ማዶ ሆኖ ጮኸ። መጥረቢያው አየር ላይ ቀረ። ቢተው ወንዙን ተሻግሮ እስኪቀበለው ድረስ የጀብሪል ክንድ አልወረደም። ከዚያ ወዲያ ጀብሪል ገበያ በወጣ ቁጥር ቢተውን ሳያገኝ አይመለስም። «አንተ ባትጮህ፣ ወላሂ፣ እሱ መቃብር እኔ ወህኒ ነበርን» እያለ ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። በዕድሜ አባቱ ይሆናል፤ ቢተውም «አባ ጀብሪል» እያለ አንቱ ይለዋል።

ከዚያ ያ ክፉ ቀን መጣ። በስልሳ ስድስት ክረምት ከአባይ ቆላ የወጣው ረሃብተኛ ከተማውን ሞላው። ከላይ የወረደው ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ከከተማ ይውጡ። ቢተው ዱላ ይዞ የሰውን ልጅ እንደ ከብት ነዳ። ዱላው ገና ሲነካቸው የሚወድቁ ነበሩ። አንድ ቀን የአንዲትን ሴት ጀርባ ሲመታ አጥንቷ በዱላው በኩል መዳፉ ድረስ ተሰማው። ማታ ሚስቱ እንቁ ራት ስታቀርብለት ገፋው። «አመመህ እንዴ?» ብትለው ሳህኑን አንስቶ ግድግዳው ላይ ወረወረው። እህል በጠፋበት ዘመን! ከዚያ ራሱ ተንበርክኮ ከመሬት እየለቀመ አለቀሰ። አፍሮ ነበር።

ነሐሴ ላይ ረሃብተኛው አንድ ነጋዴ እህል ያከማቸበትን መጋዘን ከበበ። መቶ አለቃው ፖሊሶቹን አሰልፎ «በሩን ሰብሮ የሚገባ ይመታ» አለ። ቢተው ለመነው።

«ጌታዬ፣ መጀመሪያ እኔ ልናገራቸው። እኔን ይሰሙኛል።»

«እስቲ ያ ጉሮሮህ ይታያ!» አለ መቶ አለቃው እየሳቀ።

በዚህ መሃል በሩ ተሰነጠቀ፤ በስንጥቁ ማሽላ ፈሰሰ። ያን ጊዜ ማን ይያዛቸው! ቢተው ሮጦ ወጣና ሳንባው እስኪቀደድ «በሕግ አምላክ!» አለ።

ማን ሰምቶት! ሆድ ጆሮ የለውም። እርስ በርስ እየተረጋገጡ ወደ ውስጥ ጎረፉ።

አንድ ሰው ግን ቆመ። በሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ባዶ ስልቻውን እንዳንጠለጠለ ቆመና ወደ ድምፁ ዞረ። ከመክሳቱ የተነሳ ቢተው ወዲያው አላወቀውም። ጀብሪል ነበር።

«ቆሜያለሁ ልጄ፣ አብሽር» አለው።

«ተኩስ!» አለ መቶ አለቃው።

የሚሮጥ ሰው መምታት ያስቸግራል፤ የቆመ ሰው ግን ምን ያስቸግራል? ጥይቱ ሁሉ እሱ ላይ አረፈ። ደረቱ ተበሳሳ፣ መንጋጋው ተገነጠለ። ቢተው ደርሶ ሲያቅፈው ደሙ በጣቶቹ መሃል ይፈስ ነበር። የቀሩት ማሽላውን በጥሬው እየቃሙ በጓሮ በኩል አመለጡ፤ ከእነሱ አንድም የተመታ የለም። መቶ አለቃው መጥቶ ሬሳውን በጫማው ገለበጠና «አንዱስ ሰምቶሃል» ብሎት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ያቺ ቃል ከቢተው አፍ አልወጣችም። ሌባ ሲያይ ያባርራል፤ ካልደረሰበትም ይተወዋል። መስከረም ላይ ጃንሆይ ወረዱ ተባለ። ከተማው በሰልፍና በመፈክር ታመሰ፤ ማን ማንን እንደሚያዝ ጠፋ፤ ፖሊስን የሚፈራም ቀረ።

በዚያ ሰሞን ቢተውና ባልደረባው መለሰ ገበያ ሲጠብቁ፣ አበቡ የምትባል ረሃብተኛ ከአንድ ሱቅ ዳቦ ነጥቃ ሮጠች። ገበያተኛው ድንጋይ እያነሳ ተከተላት። አንዱ ድንጋይ ጆሮ ግንዷን አገኛት፤ ተንገዳገደች እንጂ አልቆመችም። ፊቷ በደም ተሸፍኖ፣ እየሮጠች ዳቦውን ትገምጥ ነበር።

«የሕግ አምላክን ጥራባቸው እንጂ!» አለ መለሰ። «ምን ትጠብቃለህ? ሊገድሏት ነው!»

ቢተው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ጠመንጃውን ለመለሰ ወርውሮ ሮጠ፤ ሴትዮዋን ጥሎ ላይዋ ተደፋባት። ድንጋዩ ጀርባውንና አናቱን ቀጠቀጠው። የጎን አጥንቱ ሲሰበር በጆሮው ሰማ። ሴትዮዋ ከሥሩ ሆና ታላምጣለች። መለሰ ወደ ሰማይ ሲተኩስ ነው ሕዝቡ የተበተነው።

እንቁ ሁለቱንም ቤቷ አስተኝታ አስታመመቻቸው። አበቡ ነፍስ ስትዘራ፣ ስለ አስር አለቃው ጉሮሮ ሰምታ ኖሮ ጠየቀችው።

«ጌታዬ፣ ስለ እኔ ይህን ሁሉ ከሚደበደቡ ምነው በሕግ አምላክ ባሏቸው? ይቆሙልዎ አልነበረም?»

ቢተው ጎኑን ይዞ ወደ እሷ ዞረ።

«አንቺ ብቻሽን ብትቆሚስ?» አላት።